ሸክላ ሠሪዎቻችን በስማቸው ይጠሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፦

በቅርቡ በባህል ዓምዳችሁ ስለ ቡና አፈላል ወጋችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከነፎቶግራፉ በጥሞና ተመልክቼዋለሁ። ጽሑፉ ብዙ እንደተደከመበት ያስታውቃል። ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት አሳስቦኝ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ከፎቶግራፉ ግርጌ የፎቶ አንሺው ስም ሰፍሯል፤ ቡናውን የምትቀዳው ወጣትም በስሟ ተጠርታለች፤ ከምስሉ መካከል ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ጀበና ግን ከየትኛው መንደር፣ ከማን እጅ እንደወጣ አንድም ቃል አልተነገረለትም። ይህን የማነሣው ዝግጅት ክፍሉን ለይቶ ለመውቀስ አይደለም፤ ዝምታው የሁላችንም ልማድ ስለሆነ ነው። ተወልጄ ባደግሁበትና በመምህርነት ብዙ ዘመን በኖርሁበት በሰሜን ሸዋ የሠዓሊው፣ የአዝማሪው፣ የቅኔ መምህሩ ስም ከነትውልድ ቀዬው ይታወሳል፤ የሸክላ ሠሪዋ ስም ግን ገበያው ሲበተን አብሮ ይበተናል።

ነገሩ ሌላ መልክ ሊኖረው እንደሚችል በሕይወታቸው ያሳዩ አንዲት አፍሪካዊት ሸክላ ሠሪ አሉ፤ ናይጄሪያዊቷ ላዲ ኳሊ። ታሪካቸው በእኛ አገር ብዙም ስለማይነገር በጥቂቱ ላስታውስና ከዚያ ወደ ቀዬአችን እመለሳለሁ።

ላዲ ኳሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ በማዕከላዊ ናይጄሪያ፣ በጓሪ ሕዝብ አገር፣ ኳሊ በተባለች መንደር ተወለዱ፤ ኋላ ዓለም ያወቃቸውም በዚያችው መንደር ስም ነው። መደበኛ ትምህርት ቤት አልገቡም። ሸክላ ሥራን የተማሩት በልጅነታቸው ከአክስታቸው ነው። በዚያ አገር ሸክላ እንደ እኛው የሴቶች ሙያ ነው፤ የውሃ እንስራው፣ ማብሰያው ድስት፣ ጎድጓዳው ሳህን ሁሉ የሚወጣው ከሴት እጅ ነው። መንኮራኩር አይታወቅም። ጭቃውን በጡጫ እየወጉ የዕቃውን መቀመጫ ያወጣሉ፤ ከዚያም የተድቦለቦለ ጭቃ እየደራረቡ፣ ከውስጥም ከውጭም በመፋቂያ እየፋቁ ግድግዳውን ሽቅብ ያሳድጉታል። ዕቃው ባለበት ይቆማል፤ ወደኋላ እየተራመደች ዙሪያውን የምትዞረው ሠሪዋ ናት። ላዲ ኳሊ ገና በወጣትነታቸው በዚህ ሙያ እጅግ የተዋጣላቸው ስለነበሩ ሸክላቸው ብዙ ጊዜ ገበያ ሳይደርስ ይሸጥ እንደነበር ወንድማቸው ተናግረዋል።

የእሳቸውን ሥራ ከሌላው የሚለየው ጌጡ ነው። በእርጥቡ ሸክላ ላይ እንሽላሊት፣ ጊንጥ፣ አዞ፣ እባብ፣ ዓሣና ወፍ ይቀርጻሉ፤ በምስሎቹ መካከል ደግሞ ጥርስ የወጣለት ትንሽ እንጨት እያንከባለሉ ረድፍ ረድፍ ጥለት ያትማሉ። ምስሎቹ ከእንስራው ሆድ ጋር አብረው ይሰፋሉ፣ ወደ አንገቱ ሲጠጉም አብረው ይጠባሉ። ይህን ለማድረግ ንድፍ በወረቀት አላወጡም፤ የዕቃውን ዙሪያ በዓይናቸው እየለኩ በአንድ ጊዜ ይቀርጹታል እንጂ።

በወቅቱ አቡጃ ተብላ ትጠራ የነበረችው ከተማ፣ የዛሬዋ ሱሌጃ፣ አሚር እነዚህን ሸክላዎች ገዝተው በቤተ መንግሥታቸው አስቀምጠዋቸው ነበር። በ1950 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሸክላ ሠሪ ማይክል ካርዲው ወደዚያ ሲሄድ ያያቸው ከአሚሩ ቤት ነው። ካርዲው በ1952 በከተማዋ የሸክላ ሥራ ማሠልጠኛ አቋቋመ፤ ላዲ ኳሊ በ1954 ገቡ፤ በማሠልጠኛው የመጀመሪያዋ ሴትም እሳቸው ሆኑ። ሐሊማ አውዱና አሲቢ ኢዶን የመሳሰሉ ሴቶች የገቡት እሳቸው በሩን ከከፈቱ በኋላ ነው። በማሠልጠኛው መንኮራኩር ነበር፤ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል የእንጨት ምድጃ የሚተኮስ፣ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ቅብ ያለው ሸክላም ይሠራ ነበር። ላዲ ኳሊ መንኮራኩሩንም ተለማመዱ። ስመ ጥር ያደረጓቸውን ትልልቅ እንስራዎች ግን እስከ መጨረሻው ያቆሟቸው አክስታቸው ባስተማሯቸው መንገድ፣ በእጃቸው ነው። የተለወጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ቅርጻቸውን በነጭ ሸክላ ሞልተው፣ ቅብ ቀብተው፣ በከፍተኛ ሙቀት ይተኩሱታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው በፍጥነት የሚነገር ነው። ሥራዎቻቸው ለንደን በሚገኘው የበርክሊ ጋለሪ በ1958፣ በ1959ና በ1962 ታዩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የብሪታንያ መንግሥት ኒሻን ሰጣቸው። በ1972 አሜሪካን ተዘዋውረው በሕዝብ ፊት እየሠሩ ሙያቸውን አሳዩ። በ1977 የዛሪያው አህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት አበረከተላቸው፤ በ1980ና በ1981 ከገዛ አገራቸው መንግሥት ከፍተኛ ሽልማቶችን ተቀበሉ። በ1984 ሲያርፉ የተማሩበትና ያስተማሩበት የሱሌጃ ማሠልጠኛ በስማቸው ይጠራ ነበር። ዛሬ በናይጄሪያ የ20 ናይራ ገንዘብ ጀርባ ላይ ከሸክላቸው ጋር ምስላቸው አለ። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሸክላ ሠሪ የአንድ ትልቅ አገር ሰው ሁሉ በኪሱ ይዟቸው ይዞራል።

ስለ እሳቸው በውጭ አገር ሰዎች የተጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ዘወትር ቅር ያሰኘኛል። አብዛኛው ጽሑፍ ካርዲው «አገኛቸው» ይላል። ካርዲው ታላቅ ባለሙያ እንደነበረና መንገዱን እንዳሰፋላቸው አልክድም፤ ነገር ግን የጠፋ ሰው አላገኘም። የመንደራቸው ሴቶች ያውቋቸው ነበር፤ ገዢው ሳይቀድመኝ ብሎ ይሽቀዳደምላቸው ነበር፤ የአገራቸው አሚር ዕቃቸውን ከቤተ መንግሥቱ አግብተው ነበር። የውጭው ሰው የመጣው አገሬው ካከበራቸው በኋላ ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው የለንደኑ ዐውደ ርእይ ሳይሆን ይህ ይመስለኛል። በገዛ ቀዬዋ ማን እንደሆነች የማትታወቅ ሠሪ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ሊያያት የሚችለው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ ልመለስ። አንኮበር በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንድ ታላቅ ሠዓሊ ወልዳለች፤ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የመስተዋት ሥዕላቸውን የማያውቅ የለም፤ እኛም የአንኮበር ልጅ በመሆናቸው እንኮራለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው። ሆኖም በዚያው ዘመን፣ በዚያው ተራራ ሥር፣ ጭቃ እየረገጡ እንስራና ጋን የሚያወጡ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ከእነዚያ አንዷን እንኳ በስም የሚጠራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ሁለቱም የእጅና የዓይን ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ በክብር ሌላው በዝምታ የተያዘበት ምክንያት የሥራው ማነስ አይደለም።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጮክ ብለን መናገር ግን እናፍራለን። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው «ባለ እጅ» እየተባለ፣ ቡዳ ነው፣ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ትውልድ ከትውልድ ሲሸማቀቅ ኖሯል። ዕቃውን ይገዙታል፤ ማዕዱን ግን አይጋሩትም፤ ልጁንም አያገቡም። ነገሩ አዲስ አይደለም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ፣ አንኮበር የመጡ የውጭ ተጓዦች በአቅራቢያዋ «ጠቢባን» ስለሚባሉ፣ በእጅ ሙያቸው ስለሚፈለጉና በዚያው ልክ ስለሚፈሩ ሰዎች ጽፈዋል። ከእነዚህ ቤተሰቦች ወገን የሆኑ ወደ አዲስ አበባ ሄደው ቀጨኔ የሰፈሩ አሉ። የንጉሡ የልጅ ልጅ፣ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ከአደባባይ ቀስ በቀስ ቢርቅም ከጓዳ ገና አልወጣም።

በማስተምርበት ጊዜ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የመጣች ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። የአፈር ዓይነቶችን ስናጠና ከክፍሉ ሁሉ አብልጣ የምታውቅ እሷ ነበረች፤ የትኛው ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ በጣቷ አሽታ ትናገር ነበር። ከየት እንዳወቀችው ስጠይቃት ግን ዝም አለች። ልጆቹ እናቷ ገበያ ላይ ሸክላ ስትሸጥ አይተው ካወሩ በኋላ ከአጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ፤ በዓመቱ መጨረሻም ትምህርቷን ተወች። ይህች ልጅ ያላትን ዕውቀት እንድትደብቅ ያደረጋት የገዛ ማኅበረሰባችን ነው።

ያ ዕውቀት ቀላል እንዳልሆነ በቦታው ሆኖ ያየ ይመሰክራል። የሚያጣብቀው አፈር ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋማው ብቻውን አይያያዝም፤ ሁለቱ በልክ መደባለቅ አለባቸው። ልኩ የሚታወቀው በመዳፍ ነው። አፈሩ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ፣ ተነክሮ፣ በእግር ተረግጦ ሲቦካ፣ የተሰበረ የድሮ ሸክላ ገሉ ደቅቆ ይገባበታል። ይህ የገል ዱቄት ለጀበናና ለድስት ሕይወቱ ነው፤ ዕቃው እሳት ላይ በተጣደ ቁጥር ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ውስጡ እንዲተነፍስና እንዳይፈነዳ የሚያደርገው እሱ ነውና። የጀበናው ሆድ አንድ ቀን ይሠራል፤ ጠንከር እስኪል ይቆያል፤ ከዚያ አንገቱ ይቀጠላል፤ ጡቱና ጆሮው በኋላ ይያያዛሉ። አንገቱ ሳይጸና ጆሮው ከተቀጠለ ይጠማል፤ ሆዱ ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ አዲሱ ጭቃ አይዘውም። በጥላ ይደርቃል፤ በለስላሳ ድንጋይ እየታሸ ይለሰልሳል። በመጨረሻም ሜዳ ላይ ኩበት፣ ጭራሮና ጭድ ተከምሮበት ይተኮሳል። በዚያን ጊዜ ነፋስ ከተነሣ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ማለዳ ይሰነጠቃል። ጥቁር እንዲሆን የተፈለገው ጀበና ከእሳቱ በትኩሱ ወጥቶ ጭድ ውስጥ ሲቀበር ጭሱን ጠጥቶ ይጠቁራል።

ሠሪዎቹ ከሁሉ የሚከብደው ምጣድ ነው ይላሉ፤ ሰፊና ዝርግ በመሆኑ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሲተኮስም ይፈነዳል። በየከተማው ቤት የሚገኘውን የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያስቡ ሰዎች ሥልጣኔ ሸክላውን የተካው ይመስላቸዋል። ክዳኑን ከፍተው ቢያዩ እንጀራው የሚጋገርበት ገጽ ሸክላ ነው፤ ሽቦው ከሥሩ ተደብቆ ያሞቀዋል እንጂ ዓይን የሚያወጣው አሁንም ሸክላው ነው። የዚያ ሸክላ ሠሪ ግን ስሟ ከምጣዱ የብረት አካል ላይ ከተጻፈው የፋብሪካ ስም ጋር አልተጻፈም።

የሸክላ ሥራችን ይሻሻል ሲባል ብዙ ጊዜ የምሰማው ምክር ቅብ ይቀባ፣ ያብለጭልጭ፣ ምድጃና መንኮራኩር ይግባለት የሚል ነው። በዚህ ላይ የላዲ ኳሊ ታሪክ ሁለት መልክ ስላለው ጠንቀቅ ብለን ልናነበው ይገባል። መንደራቸው ውስጥ ይሠሩት የነበረው በሜዳ እሳት የተተኮሰ እንስራ በቀጭን ቀዳዳዎቹ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። የእኛም እንስራ እንዲሁ ነው። ቅብ የተቀባው እንስራቸው ግን አያልብም፤ ስለዚህም ውሃ አያቀዘቅዝም። በውበቱ ወደር አልነበረውም፤ ነገር ግን ከምንጭና ከጓዳ ተለይቶ ወደ ሙዚየም መደርደሪያ ሄዷል። ለእሳቸው ይህ ክብር ሆነ፤ በዚያም ደስ ይለኛል። የእኛን ጀበና ግን እንዲሁ እናድርገው ብንል ጀበናነቱን እናጠፋለን፤ በከፍተኛ ሙቀት ተተኩሶ የጠጠረ ባለ ቅብ ሸክላ ፍም ላይ ሲጣድ ይፈነዳልና። ላዲ ኳሊ የተከበሩት ቅብ ስለቀቡ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው አክስታቸው ያስተማሯቸውን መንገድ ይዘው መቆየታቸውን ዘንግቷል።

ለዚህም ጥሩ ምስክር አለ። በ1950 እ.ኤ.አ. ናይሮቢ የተወለዱት ማግዳሊን ኦዱንዶ በእንግሊዝ ሲማሩ ሳሉ በ1974 ወደ አቡጃ ማሠልጠኛ ሄደው ከላዲ ኳሊ ዘንድ ሙያ ቀስመዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ስማቸው ከሚነሣ ሸክላ ሠሪዎች አንዷ ናቸው፤ ሥራዎቻቸው በብሪቲሽ ሙዚየምና በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛሉ፤ በ2020 የብሪታንያ መንግሥት «ዴም» የሚለውን የማዕረግ ስም ሰጥቷቸዋል። የእኚህ ሴት ሸክላ ቅብ የለውም። በእጅ ይቆማል፤ እስኪያበራ ይታሻል፤ ጥቁሩ የሚጠቁረው አየር ባጣ እሳትና በጭስ ነው። የተራራችን ሴቶች ጀበና የሚያጠቁሩበት ዘዴ ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም ሙዚየሞች ከፍ ባለ ዋጋ የሚገዙትን ጥበብ እኛ በገበያ መሬት ላይ በጭድ ዘርግተን ዋጋ እናስቀንስበታለን።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሠሪዋ በስሟ መጠራቱን ትፈልገዋለች ወይ? የስድቡ ፍርሃት ባለበት አገር ስም ማውጣት ማጋለጥ ሊሆን ይችላል። ሸክላ እየሠሩ ልጆቻቸውን ያስተማሩ፣ ነገር ግን ልጆቹ በሄዱበት ከተማ የእናታቸውን ሙያ እንዳይነገርባቸው የሚለምኑ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ስለዚህ ስም ይጻፍ ስል ያለ ፈቃድ ይጻፍ ማለቴ አይደለም። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የማውቃቸውን እናቶች ስም ያልጠቀስሁትም ሳላስፈቅዳቸው እንዳላደርገው ብዬ ነው። ነገር ግን የሚፈሩ አሉ ብለን ሁሉንም ዝም ካሰኘን ፍርሃቱን እኛው እያቆየነው ነው። ላነጋገርኳቸው እናቶች ጥያቄውን ሳቀርብ መልሳቸው የተለያየ ነበር። አንዳንዶቹ «ምን ያደርጋል ልጄ፣ ተወው» ብለውኛል። አንዲት አዛውንት ግን ከጀበናው ሥር ትንሽ የመስቀል ምልክት አሳዩኝ፤ ገበያ ውስጥ ከሌላዋ ሥራ ጋር ሲቀላቀል የእሳቸውን የሚለዩበት ነው። ስም ለማኖር የሚፈልግ እጅ አስቀድሞ ምልክቱን አኑሯል።

በአቡጃ ማሠልጠኛም የተደረገው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ሸክላ ሠሪ በእርጥቡ ጭቃ ግርጌ የራሱን ማኅተም ያትም ነበር፤ በላዲ ኳሊ እንስራዎች ላይ የስማቸው ሁለት መነሻ ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ። ዛሬ ሙዚየሞች የትኛው ዕቃ የእሳቸው እንደሆነ በእርግጠኝነት ሊናገሩ የቻሉት በአመዛኙ በዚያች ትንሽ ማኅተም ነው። ወጪው ምንም ያህል አይደለም፤ ከእንጨት ወይም ከተተኮሰ ሸክላ የተቀረጸች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ማኅተም ይበቃል። በኢትዮጵያ ፊደል ሁለት ሆሄ ማተም የሚያስቸግር ነገር የለውም፤ ሙሉ ስሟን ላታወጣ የፈለገች ምልክቷን ብቻ ታትም። ገዢውም ጥሩ ጀበና ያገኘባትን ሠሪ በሚቀጥለው ገበያ ለይቶ ሊፈልጋት ይችላል። ዛሬ ገዢው ሸክላውን በጣቱ አንኳኩቶ፣ ድምፁ የታፈነ እንዳይሆን አዳምጦ ይገዛል፤ ቤቱ ሄዶ አሟሽቶ ሲጠቀምበት የዓመታት ጓደኛ የሚሆንለት ጀበና የማን እንደነበረ ግን ዳግመኛ አያውቅም። ዋጋውም ከፍ የማይለው በከፊል በዚህ ነው፤ ስም የሌለው ዕቃ ሁሉ እኩል ዋጋ ይወጣለታል፤ የተካነችዋም ጀማሪዋም በአንድ ተራ ይደራደራሉ፤ ትርፉን መንገድ ዳር የሚረከበው ነጋዴ ይወስደዋል።

ለዝግጅት ክፍላችሁ የማቀርበው ልመና ከእናንተ አቅም በላይ አይደለም። ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራ ወይም ጋን በጋዜጣችሁ ሲታይ፣ ሠሪዋ ከፈቀደች ስሟና መንደሯ ከፎቶ አንሺው ስም ጎን ይጻፍ፤ ካልታወቀችም «ሠሪዋ ያልታወቀች» ይባል፤ ይህ በራሱ ጥያቄ ያስነሣልና። የባህል ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶችም «የሸክላ ውጤቶች» በሚል አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ሙሉ ዕቃ ከመሸፈን ይልቅ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሠሪውን ቢያስታውቁ ተመልካቹ የሚያየው ሰው ይኖረዋል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በደጁ ያለውን ይህን ዕውቀት፣ አፈሩ ከየት እንደሚቆፈር፣ በምን ልክ እንደሚደባለቅ፣ በምን እንደሚተኮስ፣ ከእናቶቹ አፍ በድምፅና በምስል ቢመዘግብ ላዲ ኳሊን በክብር ዶክትሬት ያከበረው የዛሪያው ዩኒቨርሲቲ የሄደበትን መንገድ ጀመረ ማለት ነው። አዛውንቶቹ እያለፉ ነው። ሴት ልጆቻቸው ሙያውን ለመያዝ የማይፈልጉበት ምክንያት ድካሙና የዋጋው ማነስ ብቻ አይደለም፤ ስሙም አለበት።

ለምርጫ ካስፈለጋችሁ፣ ከአንኮበርና ከደብረ ሲና አካባቢ ጀምራችሁ ወደ መንዝና ወደ መርሐ ቤቴ ብትዘልቁ ሸክላ የማይወጣበት ገበያ አታገኙም። የማሳስባችሁ ጊዜውን ነው፤ ክረምት ከገባ ሸክላው አይደርቅም፣ ሜዳ ላይም እሳት ስለማይነድ ሠሪዎቹ እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ከመስቀል በኋላ ያሉት ደረቅ ወራት ግን ለሥራውም ለፎቶግራፉም ይመቻሉ። ባልደረባችሁ ወደዚህ የሚመጣ ከሆነ በማውቃቸው መንደሮች አስቀድሜ ሄጄ ፈቃዳቸውን ልጠይቅና ላስተዋውቀው ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን